አራት ጣት የጎደለው በር

አዲስ ዕቃ ስንገዛ የምናደርገውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተውያለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከማስተዋል በቀር ብዙ ሥራ የለኝም። ሶፋ እንገዛለን፤ ላስቲኩን ግን አንልጠውም። በሙቀት ቀን ከእንግዳው ሱሪ ጋር ተጣብቆ እንግዳው ሲነሳ አብሮት እስኪነሳ ድረስ እንታገሠዋለን። ሪሞት እንገዛና በፌስታል ጠቅልለን እናስረዋለን፤ ከዚያ በማይታይ ቁልፍ ላይ አውራ ጣታችንን እያሸን ዜናው ያልፈናል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ፍሪጁ ዳንቴል ይለብሳል፣ ዳንቴል የሚቀመጥበት ቡፌ ሳይቀር ዳንቴል ይለብሳል። አዲስ ነገር የሚጥመን ሳንነካው ነው መሰለኝ። ከነካነው ያረጃል፤ ካልነካነው ግን ሁልጊዜ ነገ የምንጠቀምበት ሆኖ ይኖራል።

ይህን የምለው በእናንተ ላይ ላፌዝ አይደለም፤ ብፈልግም መብቱ የለኝም። እኔ ራሴ የብየዳ ማሽን ዳንቴል አልብሼ ሁለት ወር ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። በነዚያ ሁለት ወራት ደግሞ አንዲት እናት በአራት ጣት ምክንያት ከግቢ ሳይወጡ ቀርተዋል። አራት ጣት ስላችሁ በቁሙ ነው። አውራ ጣታችሁን ተዉትና የቀሩትን አራቱን ገጥማችሁ እዩዋቸው። ያቺን ታህላለች።

እኒህ እናት የባለቤቴ የአስቴር እናት እማማ አየለች ናቸው። ከደቡብ በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ ሸጠዋል። ቅቤ ሲመጣላቸው አይቀምሱም፣ አይነኩም፤ ያሸታሉ። አሽትተው ላሚቱ ምን እንደበላች ይነግሯችኋል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸውን ሰበሩና እኛ ጋ ገቡ። እግራቸው እንደ ድሮው አልሆን ሲል የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተሰባስበው ዊልቸር ይዘውላቸው መጡ። ዊልቸሩ ታጥፎ ስለነበር በግቢያችን በር በሰላም ገባ። በማግስቱ ተዘርግቶ፣ እማማ በላዩ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊወጡ ሲሉ ግን በሩ በአራት ጣት ጠቦ አላሳልፍም አለ። አስተካክለን ብንገፋው፣ በጎን ብንሞክረው፣ ወደ ኋላ አዙረን ብንጎትተው ያው ነው። ለካ ይህን በር ያሠራው ሰው ቀጭን ኖሯል።

«ተሸክመን እናውጣዎት» አልናቸው።

«ተሸክማችሁ የምታወጡኝ አንድ ቀን ብቻ ነው» አሉ። «ያ ቀን ደግሞ ገና ነው።»

ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ገቡ ትሉኝ ይሆናል። ከሆስፒታል ሲመጡ በማስታገሻው ፈዘው ስለነበር ያንን መሸከም አልቆጠሩትም። እኛም አላስታወስናቸውም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጣሉ። ከበሩ በላይ የሚታያቸው ደመና የተከናነበው የወጨጫ ተራራ ራስ ነው። ከበሩ ሥር የሚታያቸው ደግሞ ያላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። እየቆየ ሰውን በጫማው መለየት ጀመሩ። «ያቺ የብርቄ ልጅ ናት፤ ሶሏን አሁንም አላሰፋችም» ይላሉ። «ይሄኛው ዛሬ ቸኩሏል፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ አይረግጥም» ይላሉ። ከአስፋልቱ በኩል የታክሲ ረዳቶች «አስኮ! ሳንሱሲ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል፤ እማማም ሳንሱሲ ሄደው እንደተመለሱ ሁሉ በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

አስቴር «በያጅ ጥራ» አለችኝ። ከአስፋልቱ ማዶ ሦስት በያጆች አሉ፤ ለማናቸውም ቢሆን ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ልክ ነበረች። እኔ ግን አንድ የቆየ ነገር በሆዴ ነበረኝ።

በወጣትነቴ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ብየዳ ተምሬያለሁ። ከዚያ ዕጣዬ መዝገብ ቤት ጣለኝና ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፋይል ሳወጣና ፋይል ስመልስ ኖርኩ። ያን ሁሉ ዘመን ግን ያ የብየዳ ብርሃን ከዓይኔ አልጠፋም። ከሥራ ስመለስ ከቤቴ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በብየዳ ቤቶቹ በኩል በእግሬ አልፋለሁ። አትይ ይባላል፤ እኔ አያለሁ። ሰማያዊ ነው ይሉታል፤ ሰማያዊ ብቻ ግን አይደለም፤ ሊነጋጋ ሲል ሰማዩ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዘው፣ ስም ያልወጣለት ቀለም አለ አይደል፣ እሱን ነው የሚመስለው። ቤት ስገባ ዓይኔ ያነባል። አስቴር «ደግሞ ማን ምን አለህ?» ትለኛለች። ማንም ምንም አላለኝም፤ ሕልሜን አይቼ መምጣቴ ነው።

ስለዚህ በያጅ አልጠራሁም። የጡረታዬን ገንዘብ ይዤ ሄድኩና ማሽን ገዛሁ። ማሽን ብቻ ብል ይቀየመኛል። በኤሌክትሮድ ይበይዳል፣ በሽቦ ይበይዳል፣ አርጎን በሚሉት ጋዝ ይበይዳል፤ በዚያ ላይ ፕላዝማ የሚሉት መቁረጫ አለው፤ ከኮምፕሬሰር የሚመጣ አየር በመብራት እየነደደ ብረቱን እንደ ለጋ ቅቤ ሰንጥቆት ያልፋል። ሻጩ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና «ብዙ ሥራ አለዎት ማለት ነው» አለኝ።

«አንድ በር አለ» አልኩት።

ማሽኑ ቤት የገባ ዕለት ሳሎኑ መሐል አስቀመጥነው፤ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነውር መሰለን። ማክሰኞ የቤት ኅብረታችን ተሰብስቦ ጸለየበት። መሪያችን እጃቸውን ማሽኑ ላይ ጭነው «ጌታ ሆይ፣ ስፍራቸውን አስፋላቸው» ሲሉ ሁላችንም አሜን አልን። እማማ ከጥግ ሆነው «በሩን ቢሉት ይበቃ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ ዳቦ ይዞ መጣ። አስቴር አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል ጀመረችለት። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። የማሽኑ ቁጥር በሚታይበት መስታወት በኩል መስኮት የተወችለት፣ ከታች የሚለጠጥ ላስቲክ የገባበት፣ ልኩን የለበሰ ዳንቴል ሆነ፤ እኔ እንኳ ለሠርጌ እንዲህ ልኬን አልለበስኩም።

እኔስ ምን እያደረግኩ ነበር? ንድፍ እያወጣሁ ነበር። አራት ጣት ለማስፋት ንድፍ አያስፈልግም፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቅ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ማሽን ተይዞ አሮጌ በር ይቀጠላል? አዲስ በር ነበር ያሰብኩት፤ ከላይ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥሯ ሁለት ርግቦች፣ በዳርና ዳሩ የሚጠማዘዝ የወይን ሐረግ። ባለ ካሬው ደብተሬን ይዤ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ፤ ላስቲኩ ከሥሬ ይንኮሻኮሻል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዳንቴሉን ስታበራው ጥላው ግድግዳው ላይ በረዶ ይመስላል፤ እኔ እሱን እያየሁ ገና ባልተሠራው በር እየወጣሁ እገባለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ የሚል ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው፤ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነበር።

በየማለዳው እማማ ይጠይቁኛል። «በሩ ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ርግቦቹን እጨርሳለሁ እማማ።»

አንድ ቀን ንድፉን አሳየኋቸው። ደብተሩን አርቀው ያዙና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ቆንጆ ነው» አሉ። «ሰው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

እንዲህ እያልን ሁለት ወር ሞላን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ በረንዳው ስወጣ እማማ አልጠየቁኝም። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ከተላጠ ቀለም በቀር ምንም የለም።

«እማማ፣ ደህና አደሩ?»

«ጌታ ይመስገን» አሉ፤ ሳይዞሩ።

ግድግዳውን አየሁት። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጉዳይ «ነገ ይምጡ» በሚባልበት ቤት ሠርቼ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አማቴ ላይ ያንኑ ስሠራ ራሴን ያዝኩት። ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ማሽኑን አቅፌ ወጣሁ። ከነዳንቴሉ ነው ያወጣሁት።

መብራቱ ችግር አልነበረም፤ ለማሽኑ የሚሆን ወፍራም ገመድ ከቆጣሪው ድረስ ቀድሜ አዘርግቼ ነበር፤ ለሕልም የሚያስፈልገው ሁሉ ቀድሞ ተሟልቷል። የጎደለው አየር ነው። ኮምፕሬሰር የለኝም። ከአጥራችን ጀርባ ግን ጎሚስታው ሸምሱ አለ፤ የሰፈሩን ጎማ ሁሉ የሚነፋው እሱ ነው። በአጥር ላይ ጨው ተሰጣጥተን እናውቃለን፣ መሰላል ተዋውሰን እናውቃለን፤ አየር ስለምን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሸምሱ፣ ትንሽ አየር ትሰጠኛለህ?»

«ለእማማ በር ነው?» አለኝ ከማዶ። ለካ እሱም ሲጠብቅ ኖሯል። ረጅሙን ቱቦ በአጥሩ ላይ ወረወረልኝና ራሱም በበሩ ዞሮ መጣ። ማሽኑን ሲያየው ጭንቅላቱን አዘንብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ልብሱን አያወልቁለትም?»

«ቴሌቪዥኑ ለብሶ አይደል የሚሠራው?» አልኩት። መልሴ በጣም ትክክል መስሎ ተሰማኝ።

ጓንቴን አደረግኩ፣ መከለያውን ፊቴ ላይ ጣልኩ፣ አሮጌ ላሜራ አስቀምጬ ለሙከራ ጫፉን ነካሁት። ያ ብርሃን ወጣ። ከሩቅ ሳየው የኖርኩት ከእጄ ሥር ወጣ። ላሜራው እንደ ወረቀት እየተከፈለ፣ ብናኙ ወደ ታች እየፈሰሰ፣ ድምፁ እንደ ረጅም እስትንፋስ እየቀጠለ ሄደ፤ ዓለም በሙሉ ከመከለያዬ በስተጀርባ ጠፍታ እኔና ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ቀረን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ።

ከዚያ ቀጥ አለ። መስታወቱ ላይ ቢጫ መብራት በራ።

አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ቢጫ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የኛ ሰፈር ኮሚቴ ለማቋቋም ጥሪ አይፈልግም። ሸምሱ «አየሩ እርጥበት ይዞ ይሆናል» አለ። በበሩ አንገቱን ያስገባ አንድ አላፊ «ኃይሉ አንሶ ነው» ብሎ ፈርዶ መንገዱን ቀጠለ። አስቴር «ተጸልዮበታል እኮ» አለች፤ ማሽኑን እየወቀሰች ይሁን እኔን አልገባኝም። እኔ መመሪያውን ይዤ የማላውቀውን ቋንቋ በጥንቃቄ አነባለሁ።

«ጥጥ ይሸታል» አሉ እማማ ከበረንዳው። ፊታቸው አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

«የተቃጠለ ጥጥ። ከዚያ ማሽን ሆድ ነው የሚመጣው።»

ዞሬ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ አልኩ። ይህ ማሽን ለካ ከኋላው ማራገቢያ አለው፤ አየር ካልሳበ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ማራገቢያው ለመሳብ ያገኘው ግን የአስቴርን ዳንቴል ነበር። ጠርዙን አንድ ክንድ ያህል ውጦ፣ የቀረውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ታንቆ ቆሟል። የጎኑ መተንፈሻም እኔ እንዳይጫር ብዬ ያልላጥኩት ላስቲክ እንደተለጠፈበት ነው። በገዛ እጃችን አፍነነዋል።

አስቴር የተበላውን ዳንቴሏን ጎትታ አወጣችና በእጇ ላይ ዘርግታ አየችው። ሳቅም ለቅሶም አልሆነላትም። «ሁለት ሳምንት» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ላስቲክ በጥፍሯ ጨርርር አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላጠችው። ያ ድምፅ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ወደ ቤት ገባችና ጥቂት ቆይቶ ከሳሎን ተመሳሳይ ድምፅ ተሰማ። የሶፋው ነበር።

ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ቢጫው ጠፋ። ሸምሱና እኔ አሮጌውን በር ከማጠፊያው አላቀን አጥሩ ላይ አስደገፍነው። ያሰብኩት የቀኝ ምሰሶውን ቆርጦ ወዲያ ማስጠጋት ነው። ምሰሶው ቱቦላሬ የሚሉት ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ እስከ ድንጋዩ አጥር ድረስ አንድ ስንዝር ከግማሽ የምትሆን ላሜራ አለች። ከላይ ቆረጥኩ፣ ከታች ቆረጥኩ። ምሰሶው ከነላሜራው ወደ ውጭ ተገንድሶ ኮብልስቶኑ ላይ ሲወድቅ ቅያሱ በሙሉ ጮኸ፤ ከዚያ ረጭ አለ። እስከ ዛሬ በሩ ላይ የምትቆመው ፀሐይ በክፍተቱ ገብታ በረንዳው ድረስ ተዘረጋች።

መከለያዬን ሳነሳ እማማ ዞረዋል።

«ደሳለኝ» አሉ፤ «ዞር በል።»

«እማማ፣ ገና ነው፤ ብረቱ ይፋጃል፣ ደግሞም...»

«ዞር በል አልኩህ።»

ዞር አልኩ። ማንም አልገፋቸውም፤ ራሳቸው በእጃቸው መንኮራኩሩን እያሽከረከሩ ግቢውን አቋረጡ። ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ ክርናቸውን ሰበሰቡ፤ ሰፊ ነበር፤ መሰብሰብ አያስፈልጋቸውም ነበር። ወጡ። ኮብልስቶኑ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ሄዱና ቆሙ። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ከታች በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት ዘንቢሏን መሬት ጥላ «እትዬ አየለች! እርስዎ ነዎት?» ብላ ሮጠች። እማማ መጀመሪያ ያዩት ጫማዋን ነው። «አንቺ፣ ሶልሽን አሰፊ እንጂ!» አሏት፤ እጇን ግን ይዘው አልለቀቁም።

እኔ ወደ ማሽኑ ዞሬ የሚጠፋ ነገር ያለ ይመስል ቁልፎቹን ስነካካ ቆየሁ። ብርሃኑን አይቼ ነው ዓይኔ ያነባው። ብትፈልጉ እመኑኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን እኔ በር አለብኝ። እሁድ እማማ በዊልቸራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተመለሱ፤ ከሰኞ ጀምሮ እኔ በሬን ያዝኩ። በኤሌክትሮድ በየድኩ፣ በሽቦ በየድኩ፣ አርጎኑ እንዳይከፋው አንዷን ርግብ በአርጎን በየድኩ። ፀሐይዋን በፕላዝማ ቆረጥኳት። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ ራሴን ላመስግን እንጂ ማን ያመሰግነኛል፤ ያማረ በር ሆነ። ከሸምሱ ጋር ተሸክመን ወደ ክፍተቱ ስናመጣው ግን ቦታው ተይዟል።

እማማ በሩ መሐል ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አራት ሴቶች በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ተሰልፈዋል። ወሬው ገበያ ደርሷል፤ ከኮልፌ ቅቤ የገዛ ሁሉ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በእኛ በር ያልፋል። እማማ ያሸታሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይፈርዳሉ። «ይሄ ጥሩ ነው፤ ለበዓል አስቀምጪው።» «ይሄ ሙዝ ገብቶበታል፤ ሂጂ መልሺለት፣ አየለች ናት ያለችው በይው።»

«የት ልታደርገው ነው?» አሉኝ በሩን ከነሸካሚዎቹ አይተው።

«እዚሁ ነዋ እማማ። በር ነው እኮ።»

«ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ?»

እኔና ሸምሱ በሩን ይዘን ቆምን፤ ከባድ ነው።

«ይልቅ» አሉ እማማ ወደ ሴቶቹ እያሳዩኝ፤ «እነዚህ ቆመው ደከሙ። ማሽንህ ወንበር አያውቅም?»

ያውቃል። በሩን አጋደምኩት፣ አራት እግር በየድኩለት። አሁን ከግቢያችን ውጭ ከአጥሩ ሥር ያለው ረጅም የብረት አግዳሚ እሱ ነው። ፀሐይዋ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ርግቦቹ ትንሽ ይወጋሉ ይባላል። ሲዘንብ አስቴር የሶፋውን ላስቲክ ታለብሰዋለች። ሲመሽ አሮጌውን በር ክፍተቱ ላይ አስደግፈን ጫፍና ጫፉን በሽቦ እናስረዋለን፤ ባለ አርጎን ባለ ፕላዝማ ቤት በሩ በሽቦ ታስሮ ያድራል። ያንን ማሽን ምን ሠራህበት የሚለኝ ሰው ሲመጣ ክፍተቱን አሳየዋለሁ። ሰውየው ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ የቱ ነው ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ማለዳ ሜትሬን ይዤ ወደ ክፍተቱ ተጠጋሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ምንም አላሰብኩም ነበር። እማማ ቦታቸውን ይዘዋል። ሜትሩን ሲያዩ ዊልቸራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጥ አደረጉ።

«በሩ ዛሬ አይደለም፣ አይደል?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ።»

«ጌታ ይመስገን» አሉና ወደሚቀጥለው ቅቤ ዞሩ።